የእናንተ ሰዎችስ የት አሉ? ለዲሲና አካባቢው የኢትዮጵያውያን ተቋማትና ባለ ምግብ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ የአብያተ ክርስቲያናት ሰበካ ጉባኤዎች፣ የመስጊድ አስተዳደሮች፣ የማኅበረሰብ ድርጅቶች፣ እንዲሁም የሀበሻ ምግብ ቤት ባለቤቶች፤

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ጀምሮ አስተናጋጅ ሆኛለሁ፣ የሆቴል ክፍል አጽድቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ብዙዎቻችሁ በመልክ ታውቁኛላችሁ። ቡና ቀድቼላችኋለሁ። የልጆቻችሁ ክርስትናና ሠርግ ላይ ትሪ ይዤ ዞሬያለሁ። ስለዚህ እንደ ባዳ አትዩኝ።

ጉዳዬ ደሞዝ ነው። ነገሩን የምጀምረው ግን ከራሴ ትሪ ነው፤ ከዚያ ወደ አይሁድ ጎረቤቶቻችን እሄዳለሁ። ስለ እኔ ደሞዝ ሰው ሲጮህ መጀመሪያ የሰማሁት እነሱ ዘንድ ነውና።

በ2016 አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም። በሰዓት የሚከፈለኝ ነገር አልነበረም፤ ቲፕ ብቻ ነው። ሰው ከመጣ አገኛለሁ፣ በረዶ ከጣለ ባዶ እጄን እገባለሁ። ያኔ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ዝቅተኛው ደሞዝ በሰዓት 10 ዶላር ከ75 ሳንቲም እንደነበረ አላውቅም። ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛም ቢሆን ባለቤቱ በሰዓት 4 ዶላር ከኪሱ መክፈል እንዳለበት አላውቅም። ቲፑ ተደምሮ ዝቅተኛው ላይ ካልደረሰ ልዩነቱን የሚሞላው እሱ እንደሆነም የነገረኝ የለም። በካርድ የሚሰጠኝ ቲፕ በየሁለት ሳምንቱ ተሰብስቦ በፖስታ ይደርሰኝ ነበር። የቤት ኪራዬ እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘፋኙ መድረክ ላይ ነው፣ ሰው እስክስታ ይመታል። አሥራ አንድ የወይን ብርጭቆ የያዘ ትሪ ከፍ አድርጌ በወንበሮቹ መሐል ሳልፍ አንድ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ክንዴን መታኝ። ትሪው እንዳለ ወለሉ ላይ ወረደ። ስብርባሪውን ስለቅም አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። በናፕኪን ጠቀለልኩትና እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ሠራሁ።

የሁለት ሳምንቱ ፖስታ ግን አልመጣም። «ለብርጭቆው ነው» ተባልኩ። ስጠይቅ «ነገ ነይ» አሉኝ። ነገ ሄድኩ። «እኛ እኮ ዘመድ ነን፤ በገንዘብ ልንጣላ ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። እኚሁ ሰው እኔ አገር ስገባ ከኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ ለሦስት ሳምንት ሶፋቸው ላይ ያሳደሩኝ ናቸው። ይሉኝታ አፌን ያዘኝ።

ወጥ ቤት ደግሞ አንዲት እናት ነበሩ፣ እንጀራ ጋጋሪ። ክንዳቸው ላይ የምጣድ ጠባሳ ተደራርቦ የተጻፈበት ይመስላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይገባሉ፣ ማታ አራት ሰዓት ይወጣሉ፣ በሳምንት ስድስት ቀን። የሚከፈላቸው ቁርጥ ነው፤ ሰዓት የሚቆጥር የለም። ከአርባ ሰዓት በላይ የተሠራ ሁሉ አንድ ተኩል እየታሰበ መከፈል እንዳለበት በኋላ ስማርና ሄጄ ስነግራቸው «ተይ ልጄ፣ እንጀራዬን አትዝጊብኝ» አሉኝ። ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም።

አሁን ወደ አይሁዶቹ ልምጣ።

በ2017 ጸደይ ላይ አብራኝ ክፍል የምታጸዳ ጓደኛዬ «ነይ፣ እራት ተጋብዘናል» አለችኝ። ቦታው ምኩራብ ነው። እዚህ እኛው አካባቢ ጁውስ ዩናይትድ ፎር ጀስቲስ የሚባል ማኅበር አለ። በ1998 ዲሲ ውስጥ የተመሠረተ የአይሁዶች ማኅበር ነው፤ ለሠራተኛ፣ ለቤት ተከራይና ለስደተኛ ይሟገታል። ፋሲካቸው ሲቃረብ የሠራተኞች ሴዴር የሚሉትን ማዕድ ለዓመታት ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ሴዴር በፋሲካቸው መጀመሪያ ሌሊት ቤተሰብ ተሰብስቦ ከግብፅ የወጡበትን ታሪክ የሚያነብበት ማዕድ ነው። እነዚህ ደግሞ ያንን ማዕድ ወስደው ለዛሬ ሠራተኛ አደረጉት።

ጠረጴዛው ላይ እርሾ ያልነካው ቂጣ አለ። የተፈጨ ነጭ ሥርም አለ። በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩት፤ ከሰናፍጭ ይብሳል፤ አፍንጫዬን ሰንጥቆት ወጣ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ውኃ አቀበሉኝና «የባርነቱ ምሬት እንዳይረሳ ነው የምንበላው» አሉኝ። ከዚያ ንባቡ ቀጠለ። «በግብፅ ለፈርዖን ባሪያዎች ነበርን» ይላል። አባቶቻችን ነበሩ አይልም። ነበርን ነው የሚለው። በአዳራሹ ውስጥ ዶክተሩም፣ ጠበቃውም፣ ተማሪውም እኩል «ነበርን» አሉ።

ከዚያ አንድ የሆቴል ሠራተኛ ተነሥታ ስለ ሥራዋ ተናገረች። ረቢው ቀጥሎ አንድ የድሮ ታሪክ አነበበልን። ታልሙድ ከሚሉት የሊቃውንቶቻቸው የሕግ ክርክር መጽሐፍ ነው፣ ባቫ ሜጺያ ከሚባለው ክፍል፤ እዚያ ስለ ሥራና ስለ ደሞዝ በሰፊው ይከራከራሉ። ታሪኩን በሰማሁት መልክ ልንገራችሁ።

ራባ ባር ባር ሐና የሚባል ሰው ነበር። የወይን ጠጅ ጋን እንዲሸከሙለት ሰዎች ቀጠረ። ተሸካሚዎቹ ጋኑን ሰበሩበት። እሱም ለጋኑ ማካካሻ ብሎ ልብሳቸውን ወሰደ። ሰዎቹ ራቭ ወደሚባለው ሊቅ ሄደው ከሰሱት። ራቭ «ልብሳቸውን መልስ» አለው። «ሕጉ እንዲህ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ» አለው ራቭ፤ ከመጽሐፈ ምሳሌ ጠቅሶ በደጋግ ሰዎች መንገድ ሂድ አለው። መለሰላቸው። ሰዎቹ ግን አልሄዱም። «ድሆች ነን፣ ቀኑን ሙሉ ለፍተናል፣ ርቦናል፣ በእጃችን ምንም የለም» አሉ። ራቭም «ሂድና ደሞዛቸውን ክፈል» አለው። «ይህም ሕግ ነው?» «አዎ፤ የጻድቃንን ጎዳና ጠብቅ።»

እኔ እዚያ ወንበር ላይ አውራ ጣቴን ነው ያየሁት። ጠባሳው አለ። አሥራ አንዱን ብርጭቆ አሰብኩ። ስንት መቶ ዓመት ያለፈው የጋን ታሪክ የእኔ ታሪክ ነው። ልዩነቱ ተሸካሚዎቹ የሚከሱበት ቦታ ነበራቸው፣ የሚፈርድላቸውም ሰው ነበራቸው። ሊቁ መልስላቸው፣ ክፈላቸው አለው እንጂ፣ ዘመዳሞች ናችሁ ዝም ተባባሉ አላላቸውም።

ይህን ለአሮጊቷ አጫወትኳቸው። ስለ ትሪው ማለቴ ነው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። አያታቸው ኒው ዮርክ ሸሚዝ ሰፊ እንደነበሩ ነገሩኝ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «የእናንተ ሰዎችስ የት አሉ? ቤተ ክርስቲያናችሁ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይመጣሉ» አልኳቸው። ዋሸሁ። ማንም እንደማይመጣ አውቅ ነበር። ይኸው ዓመታት አልፈውም ያ ጥያቄ ይከተለኛል። ወደ እናንተ ያመጣሁት እሱን ነው።

በዚያው ዓመት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ትልቁ ወሬ ዝቅተኛውን ደሞዝ በሰዓት 15 ዶላር የማድረስ ጉዳይ ነበር። ካውንስሉ ጃንዋሪ ላይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አሳለፈው። የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ አይክ ሌገት ቬቶ አደረጉት። ነገሩ ሞተ ሲባል ሰዎቹ እንደገና ጀመሩ። ማኅበራት፣ ዩኒየኖች፣ አብያተ እምነት በየስብሰባው ሄዱ። ከነዚያ ውስጥ እነዚህ አይሁዶች አሉበት። ሮክቪል በተደረገው የሕዝብ አስተያየት መስሚያ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። ረቢዎች ተራ ይዘው ተናገሩ። የኮሌጅ ተማሪዎች ተናገሩ። በደሞዝ ጭማሪው አንድ ሳንቲም የማያገኙ ሰዎች ናቸው። አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሰማሁት ከጓደኛዬ አፍ ብቻ ነው። ኖቬምበር 2017 ላይ ሕጉ ዘጠኙም አባላት ደግፈውት አለፈ፣ ሌገትም ፈረሙበት። ትልልቅ ድርጅቶች በጁላይ 2021 15 ዶላር ገቡ። ለትንንሾቹ ጊዜ ተሰጣቸው፤ አሥርና ከዚያ በታች ሠራተኛ ላለው እስከ 2024 ድረስ። ኪራይ ከብዷል፣ ሥጋ ተወዷል የምትሉትን አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። ሕግ አውጪዎቹም ሰምተውታል፤ ለዚህ ነው ጊዜውን ያራዘሙት።

ዲሲ ውስጥም እንዲሁ ነው። ልጅ ለወለደ፣ የታመመ ዘመድ ለሚያስታምም ሠራተኛ የሚከፈል ፈቃድ እንዲኖር ሲታገል የነበረው ጥምረት ውስጥ እነሱ ግንባር ቀደም ነበሩ። ሕጉ በ2016 መጨረሻ አለፈ፣ ክፍያው በጁላይ 2020 ጀመረ። ዲሲ ውስጥ የሚሠሩ ስንት የእኛ እናቶች በዚያ ገንዘብ ታርሰዋል። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያውቁ ስንቶቹ ናቸው?

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ጊዜ አላቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰምቻለሁ። ግን ከየት ጀመሩ? የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ልክ እንደ እኛ ነበሩ። ከመርከብ የወረዱ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነው የሚያድሩ። ሴቶቹ ኒው ዮርክ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ይሰፉ ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 1909 ኩፐር ዩኒየን የሚባለው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ታላላቅ ሰዎች ለሁለት ሰዓት ያህል እየተፈራረቁ ተናገሩ፤ ጥንቃቄ፣ ትዕግሥት። ያኔ ክላራ ሌምሊች የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ልናገር ብላ ወደ መድረኩ ወጣች። ከጥቂት ሳምንት በፊት በሥራ ማቆም ሰልፍ ላይ ተደብድባ የጎድን አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ወሬ በቃኝ፣ አሁኑኑ አጠቃላይ አድማ እንምታ አለች። የተናገረችው በእንግሊዝኛ አይደለም። በዪዲሽ ነው፤ በእናቷ ቋንቋ። ሕዝቡ ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለ። ቃሌን ባጥፍ ይህች ያነሣኋት እጅ ትድረቅ ብለው ማሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው መሐላውን ያውቀዋል፤ «ቀኜ ትርሳኝ» ከሚለው መዝሙር የወጣ ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ጎዳና የወጡት ሠራተኞች ከ20 ሺህ በላይ ሆኑ። አብዛኞቹ አይሁዳውያት ልጃገረዶች ናቸው፤ ጣልያናውያትም አሉበት።

አሁን የምነግራችሁን ግን ልብ በሉልኝ። ልጆቹ የሚሠሩላቸው ባለ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ እነማን ነበሩ? የራሳቸው ሰዎች። ከአንድ አገር የመጡ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ምናልባት አንድ ምኩራብ የሚጸልዩ አይሁዶች። ትራያንግል የሚባለው የሸሚዝ ፋብሪካ ባለቤቶች ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ ራሳቸው ስደተኛ ነበሩ። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ከሠራተኛው ጋር ሲስማሙ እነዚህ ዩኒየኑን አንቀበልም ብለው ጸኑ።

ማርች 25 ቀን 1911 ቅዳሜ ነበር። ሰንበታቸው ነው፤ እነሱ ግን ሥራ ላይ ናቸው። ሊወጡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራቸው ስምንተኛው ፎቅ ላይ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ካለው ቁርጥራጭ ጨርቅ እሳት ተነሣ። አሥረኛ ፎቅ ላይ የነበሩት ባለቤቶች በጣራ አመለጡ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ያሉት ልጆች ወደ አንደኛው በር ሮጡ። ተቆልፏል። ሠራተኛ ጨርቅ እንዳይሰርቅ፣ ሲወጣ ቦርሳው በአንድ በር ብቻ እንዲፈተሽ ተብሎ ነበር የሚቆለፈው። የእሳት አደጋ መሰላል ስድስተኛው ፎቅ ላይ አለቀ። ልጆቹ ተያይዘው ከመስኮት ዘለሉ። 146 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው፣ አንዳንዶቹ የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ናቸው። ባለቤቶቹ ፍርድ ቤት ቀርበው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነፃ ወጡ። በ1914 ለከሰሱት ቤተሰቦች የከፈሉት በአንድ ነፍስ 75 ዶላር ነው።

ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ። ግን ከልቅሶው በኋላ ያሰብኩት ሌላ ነው። ያ ሕዝብ በዚያ ሰዓት ምርጫ ነበረው። ገመናችን ነው፣ ባለቤቶቹም ልጆቹም የኛው ናቸው፣ ፈረንጅ ሳይሰማ እንሸፋፍነው ማለት ይችል ነበር። በዚያ ዘመን አይሁድ የሚጠላ ሰው በየመንገዱ ሞልቷል፤ ለመደበቅ ከእኛ የበለጠ ምክንያት ነበራቸው። አልሸፈኑትም። የዪዲሽ ጋዜጦቻቸው የሟቾቹን ስም አወጡ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በዝናብ ለቀብር ሰልፍ ወጣ። ሮዝ ሽናይደርማን የምትባል ቆብ ሰፊ፣ አይሁዳዊት ስደተኛ፣ በከተማው ትልቁ ኦፔራ ቤት በባለጸጎች ፊት ቆማ ስለ መልካም ወዳጅነት ላወራ ብመጣ እነዚያን የተቃጠሉ አስከሬኖች ከዳኋቸው ማለት ነው አለች። እሳቱን ከመንገድ ላይ ሆና ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት ደግሞ ኋላ የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። እሷ አይሁዳዊት አይደለችም፤ ግን ያን ቀን ፈጽሞ አልረሳችም። በ1938 የወጣው፣ ዝቅተኛ ደሞዝንና ኦቨርታይምን በመላ አገሪቱ የደነገገው ሕግ የእሷ ድካም አለበት። ያቺ ጋጋሪ እናት ሊያገኙት የሚገባው አንድ ተኩል ከዚያ ሕግ ነው የመጣው።

እነሱም ቢሆኑ አልጨረሱትም። እስራኤል አገር ከጎንደር የሄዱ አማርኛ ተናጋሪ እናቶች ዛሬም በተቋራጭ ኩባንያ ሥር ሆነው ቢሮ ያጸዳሉ። በፌብሩዋሪ 2012 ሂስታድሩት የሚባለው ትልቁ የሠራተኞች ማኅበራቸው ለእንዲህ ዓይነቶቹ የኮንትራት ሠራተኞች ብሎ አገሩን ለቀናት አስቁሟል። በዚህ በአሜሪካም ሜይ 12 ቀን 2008 አዮዋ ውስጥ ፖስትቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ትልቅ የኮሸር ቄራ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ገብቶ 389 ሠራተኞችን ያዘ። የሠራተኞቹ አያያዝ ያኔ አደባባይ ወጣ። ኮሸር ማለት በሃይማኖታቸው ሕግ እንዲበላ የተፈቀደ ምግብ ነው። ብዙ አይሁዶች ደነገጡ። ሥጋው በሕጉ ታርዷል፤ የሠራተኛው አያያዝስ በሕጉ ነው ወይ ብለው ራሳቸውን ጠየቁ።

ጥያቄውን ጥያቄ አድርገው አልተዉትም። ኡሪ ለጼዴክ የሚባል፣ ሕጋቸውን አጥብቀው የሚይዙ ኦርቶዶክስ የሚባሉ አይሁዶች ማኅበር በ2009 ታቭ ሃዮሼር የሚል ምልክት ለኮሸር ምግብ ቤቶች መስጠት ጀመረ። የቅንነት ማኅተም እንደ ማለት ነው። ምግብ ቤቱ ሦስት ነገር ማሟላት ነበረበት፤ ተገቢ ክፍያ፣ ተገቢ የሥራ ሰዓት፣ ለጤና የማያሰጋ የሥራ ቦታ። ለምልክቱ ገንዘብ አይከፈልም ነበር። በሩ ላይ ይለጠፍ ነበር። ኢየሩሳሌም ውስጥ ከእነሱ በፊት ተመሳሳይ ማኅተም ተጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሚበላው ሰው ምግቡ ብቻ ሳይሆን ያበሰለው እጅም እንዲገደው ነው።

እስቲ ወደ እኛ በሮች እንምጣ። «የጾም አለን» የሚል ወረቀት እንለጥፋለን። ሐላል የሚል እንለጥፋለን። ጾመኛው ቅቤ የነካ ማንኪያ እንዳይነካው ስንጠነቀቅ አይቻለሁ፤ እኔም ለብቻው ማንኪያ እይዝ ነበር። ሽሮው ውስጥ ቅቤ እንዳይገባ የተጠነቀቅነውን ያህል የሰው ላብ እንዳይገባበት ብንጠነቀቅስ? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የሞያተኛው ዋጋ በአንተ ዘንድ አይደር ይላል። ያ መጽሐፍ የእነሱ ብቻ አይደለም፣ እኛም እንሳለመዋለን። የያዕቆብ መልእክት የተቀማ ደሞዝ ይጮኻል ይላል። ሙስሊም ወንድሞቼም ሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን ስጡት የሚለውን ሐዲስ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ትምህርቱ አለን። ያጣነው የሚቆምለት ሰው ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው።

ምግብ ቤት ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ተሰብሰቡና የራሳችሁን ምልክት አውጡ። ማንም ፈረንጅ አያውጣላችሁ። የቲፑ ሒሳብ ለሠራተኛው በወረቀት ይታየው። ሰዓት ይመዝገብ። የተሰበረ ብርጭቆ ከሰው ፖስታ አይቆረጥ። በሕጉ መሠረት የምትከፍሉ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አሁን የምንከባከባቸው አረጋዊት የሚያዘወትሩት ቤት አንዱ ነው። ሕግ አክብራችሁ እየከፈላችሁ፣ ከማይከፍለው ጋር በአንድ ዋጋ የክትፎ ገበያ የምትሻሙት እናንተ ናችሁ። ምልክቱ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እናንተን ነው።

ሰበካ ጉባኤዎችና የመስጊድ አስተዳደሮች፣ በየዓመቱ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሌበር ዴይ አለ። አይሁዶቹ በዚያ ሰሞን ሠራተኛ ጠርተው ምኩራባቸው ውስጥ፣ ኦሪት በሚነበብበት መድረክ ላይ እንዲናገር ያደርጋሉ። እናንተ ዐውደ ምሕረቱን ስጡን አልልም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹን፣ ከጁምዓ በኋላ ግማሽ ሰዓት ስጡን። ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፋው፣ እንጀራ የምትጋግረው ይናገሩ። አሥራት የምታገኙት ከእነዚሁ ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ፣ የራሳችሁን አዳራሽ የሚያጸዳው ሰው እንዴት እንደሚከፈለው በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ አድርጉት።

የማኅበረሰብ ድርጅቶች፣ እናንተን የምጠይቀው ቀላሉን ነው፤ እስካሁን ያልተደረገ በመሆኑም ያሳዝነኛል። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት። የመንግሥት ቢሮዎች በአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ደሞዙ የተበላበት ሰው በገዛ ቋንቋው ማመልከት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የግብር ፎርም እንደምትሞሉልን፣ የዜግነት ፈተና እንደምታስጠኑን፣ አንድ ቀን ለደሞዝ መድቡ። ካውንስሉ ስለ ደሞዝ ስብሰባ ሲጠራ አውቶቡስ ተከራዩ። ክላራ በዪዲሽ ተናግራ ያ ሁሉ ሰው ተነሥቷል፤ እኛም አማርኛችንን ይዘን ሮክቪልና ዲሲ ካውንስል እንግባ። ተርጓሚ እንጠይቅ።

እኛ መደራጀት አይከብደንም። ያ ምግብ ቤት ውስጥ እንኳ አምስታችን ዕቁብ ነበረን። ጋጋሪዋ እናት ሰብሳቢ ነበሩ፤ አንድም ሳምንት ሒሳቡ አልተዛባም። ሰው ሲሞትብን በአንድ ሌሊት አስከሬን አገር መላኪያ እንሰበስባለን። ለሞተው ይህን ያህል ካደረግን በሕይወት ያለው ደሞዙ ሲበላበት እንዴት ዝም እንላለን? እኔን የያዘኝ ይሉኝታ ብዙ ሰው ይዟል። ባለቤቱ ዘመድ ነው፣ የአገር ልጅ ነው፣ ክርስትና አባት ነው። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፤ እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው። ግን ከሁለት ወገን መሆን አለበት። የሚሠራው ሰው ብቻ ይሉኝታ ካለው፣ የሚከፍለውም ይሉኝታ ይኑረው።

በሸሸኩት ጥያቄ ፊት ድጋሚ መቆም አልፈልግም። አሮጊቷ በሕይወት ካሉ ዛሬ ወደ ዘጠና ይጠጋሉ። በሚቀጥለው ፋሲካቸው ተጋብዤ ከሄድኩ ብቻዬን አልሄድም፤ ከእናንተ መሐል ሰው ይዤ ነው የምገባው።

ስለዚህ ቀጠሮ ስጡኝ። የመጀመሪያ ተናጋሪ የሚሆን ሰው ከጠፋ እኔ እሆናለሁ፤ ስለ ትሪው እኔው እናገራለሁ። ቅዳሜ ሌሊት ሥራ ላይ ነኝ፣ የምወጣው እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አድራለሁ። ከሥራ በቀጥታ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አስተናጋጅ የነበረች እህታችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ